የአባ ነፍሶ ጌታ

በልደታ ማርያም አካባቢ የሚኖር ሰው የደጃዝማች ባልቻን ስም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አይውልም። የታክሲው ረዳት «ባልቻ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮኻል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እገሊት ባልቻ ተኝታለች» ይባባላል፤ መንገድ የጠፋበት እንግዳም «ከባልቻ ፊት ለፊት» ተብሎ ይመራል። እኛም በዚህ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስንኖር ስሙን እንደ ድንበር ድንጋይ፣ እንደ መንገድ ማቋረጫ ስንጠቀምበት ኖርን እንጂ፣ የሰው ስም መሆኑን፣ ያም ሰው ቍስል የነበረበት፣ ጌታም የነበረው መሆኑን ቆም ብለን አሰብንበት ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ይህን እንድናስብ ያደረገን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ልጁን ያነሣሣው ደግሞ በጃፓን አገር የተሣለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። አንባቢዎቻችን ነገሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለጊዜው ግራ ቢገባቸው አይፍረዱብን፤ እኛንም ግራ አጋብቶን ነበርና።

የእኅታችን ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእኛ ዘንድ ይከርማል። የምንኖረው የቀድሞው የጭቃ ቤት ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈርሶ በቦታው ከተሠሩት የልደታ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ልጁ ማታ ማታ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ እናየዋለን፤ «ዐይንህን ታጠፋለህ» ማለትም ልማዳችን ነው። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ፣ መጽሐፋችንን ለማንበብ ሳይቻለን ቀርቶ፣ ሥራ ስንፈታ፣ ከአጠገቡ ተቀምጠን የሚያየውን ማየት ጀመርን። አንዱን ክፍል ለመሳለቅ አየነው፤ ሁለተኛውን ለመረዳት አየነው፤ ሦስተኛውን ግን፣ መብራቱ ተመልሶ ከመጣ በኋላ እንኳ፣ ልጁ እስኪቀጥልልን ጠበቅን።

ታሪኩን ዮሺኪ ታናካ የተባሉ ጃፓናዊ ደራሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1986 ጀምሮ በተከታታይ መጻሕፍት የጻፉት ነው፤ በኋላ ሂሮሙ አራካዋ የተባሉ ሠዓሊ በሥዕል አስጊጠውት በ2015 በቴሌቪዥን ለመታየት በቃ። ጥንታዊት ፋርስን የምትመስል፣ በካርታ ላይ ግን የማትገኝ ፓርስ የምትባል አገር አለች። ንጉሥዋ አንድራጎራስ ብርቱና ቍጡ ነው፤ ልጁ አርስላን ገና የዐሥራ አራት ዓመት ለስላሳ ብላቴና ነው። ዳሪዩን የሚባል፣ ጥቁር ጥሩር ለብሶ በጥቁር ፈረስ የሚሄድ አንድ ጦረኛ በዚህ ንጉሥ ሠራዊት ውስጥ አለ። ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ባየ ጊዜ ውጊያው ለዛሬ ይቅር ብሎ ንጉሡን ቢመክር፣ ንጉሡ እንደ ፈሪ ቈጥሮ ከሹመቱ ሻረው። ያን ቀንም የሠራዊቱ የበላይ አዛዥ የሆነው አጎቱ፣ ሽማግሌው ቫህሪዝ፣ ለብቻው ገለል አድርጎ ያስምለዋል፤ መሐላውም ለንጉሡ አይደለም፤ ለዙፋኑም አይደለም፤ ለአርስላን ለራሱ፣ ለብላቴናው ለሰውዬው ታማኝ ትሆናለህ የሚል ነው። ዳሪዩን ምክንያቱን በሙሉ ሳያውቅ ይምላል። ሠራዊቱ ተደምስሶ ንጉሡ ከተማረከ በኋላ፣ ያ ብላቴና አገርም ጦርም የሌለው ስደተኛ ሲሆን፣ አንድ ፈረሰኛ ብቻ ከአጠገቡ አይለይም።

ልጁ ስልኩን አጥፍቶ፣ «ጋሼ፣ በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ሰው ነበረ?» ሲል ጠየቀን።

የመጀመሪያው መልሳችን የተዘጋጀ ነበረ። ፊታውራሪ ገብርዬን አነሣንለት፤ በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋግቶ ለጌታው ለአፄ ቴዎድሮስ መውደቁን፣ ንጉሠ ነገሥቱም በሦስተኛው ቀን በመቅደላ ራሳቸውን መሠዋታቸውን ነገርነው። ልጁ በጥሞና ሰማን። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር ግን በዕድሜው የሚጠበቅ አልነበረም፤ «እሱ እኮ ከጌታው በፊት ሞተ፤ ጌታው ሲሞት ምን ያደርግ እንደ ነበረ አናውቅም» አለ። በመስኮቱ በኩል የልደታ ማርያም ጕልላት በጨለማ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ ከታች የመጨረሻዎቹ ታክሲዎች ረዳቶች ይጣራሉ። ከአንደኛው ድምፅ ውስጥ «ባልቻ! ባልቻ!» የሚል ሰማንና፣ እንዲህ ያለውን ስም ሠላሳ ዓመት ሰምተን ዛሬ ገና መስማታችን አስደነገጠን።

በአውሮፓ ጥሩር ለብሶ፣ በፈረስ ተቀምጦ፣ ለአንድ ጌታ ቃል ገብቶ የሚዋጋውን ሰው የሚጠሩበት አንድ የተወሰነ ስም አላቸው። በእኛ ቋንቋ ስሙ ብዙ ነው፤ ሎሌ፣ አሽከር፣ ባለሟል እንላለን፤ ዛሬ አንዳንዶቹ ቃላት እንደ ስድብ ቢሰሙም በዘመናቸው እንደ ማዕርግ የሚቈጠሩ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የፈረስ ስም ነው። በእኛ አገር ጦረኛው ፈረሱን በስሙ ጠርቶ ሳይበቃው፣ እሱም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ፈረሱ ሞቶ ስሙ ከሰውዬው ላይ ይቀራል። ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ ናቸው። ለልጁ ይህን ስንነግረው፣ «የዳሪዩን ፈረስስ?» ብሎ ስልኩን እንደገና ሊከፍት ፈለገ፤ እኛ ግን ወደ ራሳችን ሰው መለስነው።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ዐልፈን ወደ ሆስፒታሉ በእግር ሄድን። የደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል ከጠላት ወረራ በኋላ በሶቪየት ኅብረት ቀይ መስቀል የተቋቋመ ነው፤ የሩሲያ ሐኪሞች ለዐድዋ ቍስለኞች ርዳታ ወደ አገራችን ከመጡበት ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ወዳጅነት የወለደው ሥራ ነው ሊባል ይችላል። የዐድዋ መድፈኛ ስም በዚህ በር ላይ መጻፉ ተገቢ መስሎ ታየን። ከበሩ ውጪ ሎሚና ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች፣ የታማሚ ምሳ በሳሕን ቋጥረው የሚጠባበቁ ዘመዶች ተቀምጠዋል። እኛም ከአንድ ጥላ ሥር ቆመን ያወቅነውን ያህል መናገር ጀመርን።

ደጃዝማች ባልቻ የተወለዱት ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ባለው አገር፣ በ1850ዎቹ ዓመታት ግድም ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በሚዘምትበት ዘመን፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ በጦርነት መካከል ተማርከው ተሰለቡ። ከዚያ ቍስል በሕይወት የሚተርፍ ጥቂት ነው። እሳቸው ተረፉ፤ ምኒልክም አግኝተው ወደ ቤታቸው አስገቧቸው፤ በቤተ መንግሥትም አደጉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ወደ ዐድዋ ይጣደፋሉ፤ እኛም ልናደርግ የነበረው ይህንኑ ነበረ። ልጁ ግን አላሳለፈንም።

«ቈይ ጋሼ፤ አገራቸው የተወጋው በምኒልክ ጦር ነው?»

«አዎን።»

«ታዲያ እንዴት ወደዷቸው?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚያጠግብ መልስ አላገኘንለትም። አንዳንዶች የታማኝነት ጥንካሬ ከዚያ ይመነጫል ይላሉ፤ ቤት የሌለው፣ ወገን የሌለው፣ ልጅ የማይወልድ ሰው ያለውን ፍቅር ሁሉ ከአንድ ሰው ላይ ያደርጋል፤ ነገሥታትም በየአገሩ ጃንደረቦችን ለግምጃ ቤታቸውና ለእልፍኛቸው የመረጡት ይህንኑ ዐውቀው ነው ይላሉ። በቁስጥንጥንያም በቻይናም እንዲሁ ሆኗል። ነገር ግን ይህ አባባል ሰውዬውን ዕቃ ያደርገዋል። እኛ የምንገምተው ሌላ ነው፤ ጌታ የመረጠው ብላቴና ሳይሆን፣ ብላቴናው ጌታውን የመረጠ ይመስለናል። የሆነበትን ሊለውጠው አልቻለም፤ ከሆነበት በኋላ ግን የማን ሰው እንደሚሆን ራሱ ቈረጠ። ግምት ነውና አንባቢዎቻችን በግምትነቱ ይያዙልን።

ባልቻ ግምጃ ቤቱን በታማኝነት ጠብቀው በጅሮንድ ተባሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መድፈኞች መርተው ተዋጉ። ከግምጃ ቤት ወደ መድፍ መሻገሩ ለዛሬ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን መድፍም እንደ ወርቅ ሁሉ የንጉሡ ዕቃ ቤት ንብረት ነበረና፣ ቍልፉን የያዘው ሰው አፈሙዙንም ይዞ ተገኘ። ፊታውራሪ ገበየሁ በጦርነቱ ላይ ከወደቁ በኋላ ባልቻ እንዴት እንደ ተተኩ ሕዝቡ በግጥም ያወሳዋል፤ ግጥሙን በየካቲት ወር በየትምህርት ቤቱ ሕፃናት ስለሚሉት እዚህ መድገም አያስፈልገንም። ልጁም ግጥሙን ያውቅ ኖሯል። «ሆስፒታሉ እኮ ነው የሚመስለኝ ነበር!» ብሎ ሣቀ፤ መድፍ የሚያገላብጥ ሆስፒታል በአእምሮው ሥሎ ነበር ማለት ነው። እኛም አብረነው ሣቅን።

ከዚያ በኋላ የነገርነው ነገር ሣቅ የለበትም። ደጃዝማች ባልቻ በሲዳሞና በሐረር ገዥ ሆነው ረጅም ዘመን ኖረዋል። በሲዳሞ የገባር ሥርዓት ጸንቶ ይሠራ ነበር፤ ገበሬው ለአገረ ገዥውና ለወታደሩ እህል ይሰፍራል፣ ማር ያገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ቤት ይሠራል። የሲዳማና የጌዴኦ ሽማግሌዎች ያን ዘመን የሚያወሱት እንደ እኛ በግጥም አይደለም። ለጌታው ታማኝ የሆነ ሰው ከበታቹ ላሉት መልካም ጌታ ይሆናል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ታማኝነቱ ራሱ ልቡን ያደነድነዋል፤ ሁሉን ለላይኛው ያደርጋልና ለታችኛው የሚተርፈው የለም። ይህን ለልጁ እንንገረው ወይስ እንተው ብለን አመነታን። የጃፓኑ ፈረሰኛ ጥቁር ጥሩሩን ለብሶ ምንም እንከን ሳይታይበት ሲያልፍ፣ የእኛውን ሰው ከነእንከኑ ማቅረብ ክብሩን መቀነስ ይመስል ነበር። ሆኖም ነገርነው። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ የሆስፒታሉን በር ተመለከተ።

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የገብርዬ ታሪክ ያላነሣው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ ጌታ ሲሞት ሎሌ የማን ነው? ደጃዝማች ባልቻ የሰጡት መልስ ግልጽ ነበረ፤ የምኒልክ ሰው የምኒልክ ሰው ሆኖ ይቀራል። የምኒልክ ልጅ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ታማኝነታቸው ወደ እሳቸው ተሻገረ። ለአልጋ ወራሹና ለእንደራሴው ለራስ ተፈሪ ግን አልተሻገረም። ራስ ተፈሪ አዲስ ሥርዓት፣ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ በቀጥታ ለማዕከላዊ መንግሥት የሚገባ ግብር ይፈልጋሉ፤ ባልቻ ደግሞ ሹመታቸውን ከምኒልክ እጅ የተቀበሉ፣ ለሌላ ሰው ሒሳብ ማቅረብ እንደ ክሕደት የሚቈጥሩ ሰው ናቸው። ሁለቱም ከራሳቸው ፊት ሲታይ ትክክል ነበሩ፤ ለአገር የሚበጀው ግን የራስ ተፈሪ መንገድ እንደ ነበረ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ልንክደው አንችልም።

በ1920 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ደጃዝማች ባልቻ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ታዘዙ፤ ዘገዩ፤ በመጨረሻም በሺህ የሚቈጠር ሠራዊት አስከትለው መጥተው ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። ወደ ግብር በተጠሩ ጊዜ ብዙ የታጠቁ ዘበኞችን ይዘው ገቡ። ጠጁ ሲቀዳ፣ ብርንዶው ሲቀርብ፣ ዘበኞቹ ጌታቸውን ሲያሞግሱ፣ በሰፈራቸው የቀረው ሠራዊት ገንዘብ እየተሰጠው ወደ አገሩ ይሰናበት ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ከግብሩ ሲመለሱ የድንኳን ካስማ የተነቀለበትን ሜዳ አገኙ። ጥይት ሳይተኰስ ጦርነቱ አልቋል። እጃቸውን ሰጡ፤ ታሰሩ፤ በኋላም ወደ ገዳም ገቡ።

እዚህ ላይ ስንደርስ ልጁን ሳይሆን ራሳችንን ያስጨነቀን አንድ ነገር አለ፤ ያም ስለ ባልቻ ሳይሆን ስለ እነዚያ በሺህ ስለሚቈጠሩት ወታደሮች ነው። አብረዋቸው ከሲዳሞ ድረስ የመጡ፣ በእጃቸው የበሉ፣ ምናልባትም ያን ጧት ለእሳቸው እንሞታለን ብለው የፎከሩ ናቸው። ብሩን ተቀብለው መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ምን ተሰማቸው? ታሪክ ስማቸውን ስላልጻፈው ማንም አይጠይቃቸውም። ልጁ በዚሁ መካከል ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጌታ ነበረዎት?» አለን። የእኛ ዘመን ጌታና ሎሌ እንደሌለው፣ አለቃና ሠራተኛ ብቻ እንዳለው አስረዳነው። እሱም፣ «እሺ፣ አለቃስ?» አለ።

ነበረን። ስሙን በማንጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ገና ጀማሪ ሳለን የበላይ ኀላፊያችን የነበሩ ሰው ናቸው። ለመቀጠር ዋስ ሲያስፈልገን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ እንደሌለን ዐውቀው ዋስ ሆነው የፈረሙልን እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ደብዳቤያችንን ሰባት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው መልሰውልናል፤ በተለይ «ከላይ እንደ ተገለጸው» የሚለውን ሐረግ ባዩ ቍጥር «ከላይ ከተገለጸ ታዲያ ለምን ትደግመዋለህ?» ይሉን ነበር። እናታችን ታማ አገር ቤት ስንሄድ ከኪሳቸው አውጥተው የሰጡንን ገንዘብ ስንመልስላቸው አልተቀበሉንም። ከብዙ ዓመት በኋላ ነፋሱ ተለወጠ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአዳራሽ ግምገማ ተጠራ፤ ሰዎች እየተነሡ ስለ እኒህ ሰው ጉድለት ተናገሩ፤ ከተናገሩት ሁለቱን ሐሰት መሆኑን በገዛ መዝገባችን እናውቅ ነበር። አልተናገርንም። በመጨረሻ የቀረበውን ውሳኔ የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። እጃችንን አወጣን። እሳቸው ከፊተኛው ወንበር ላይ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ቆዩ፤ ያ ነው ያዳነን፤ ወይም ያላዳነን። በሳምንቱ ደግሞ የእሳቸውን ጠረጴዛ ለሚቀበለው ሰው ፋይሎቹን በቅደም ተከተል ደርድረን አስረከብን፤ በሥራችንም ተመሰገንን።

እኒያ ሰው ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ካልፈረሱት ጥቂት የቆዩ ግቢዎች በአንዱ ይኖራሉ። ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። በዚያ በኩል ግን አናልፍም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንሄድም በላይኛው በር መግባትን ልማድ አድርገናል።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርነውም። «አለቃ ነበረን» ብቻ ብለን፣ ነገሩን ወደ ጃፓን መለስነው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1701 አሳኖ የተባለው መስፍን በገዛ እጁ እንዲሞት በተፈረደበት ጊዜ፣ አርባ ሰባት ሎሌዎቹ ጌታ አልባ ሆነው ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ቂማቸውን ደብቀው ቈዩ፤ ጌታቸውን ለሞት ያበቃውን ሰው ገድለው በ1703 እነሱም በገዛ እጃቸው እንዲሞቱ ተፈረደባቸው፤ መቃብራቸውም በቶኪዮ ከጌታቸው መቃብር አጠገብ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው፣ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉበት ዘመን፣ የአገራችን ሊቃውንት ያችን አገር እንደ መስተዋት የሚመለከቱበት ዘመን ነበረ። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ ይመለከቷታል። ይሁን እንጂ የአርባ ሰባቱ ታሪክ ለባልቻ አይስማማም፤ እነሱ ለሞተው ጌታቸው ተበቅለው ዐረፉ፤ ባልቻ ግን ለመበቀል የሚመች ቀን በመጣላቸው ጊዜ ሌላ ነገር አደረጉ።

ያም ቀን በ1928 ዓ.ም. መጣ። ያሰሯቸው ሰው አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆነዋል፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ምኒልክ ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ጣልያን አገሩን ወረረ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ተነሡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። አንድ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የተሻሩ፣ የታሰሩ፣ ዓለምን የተዉ ሽማግሌ ምን ዕዳ አለባቸው? ባላንጣቸው ተሰዷል፤ ጠላትም የእንዲህ ያሉ ቅር የተሰኙ መኳንንትን እጅ በገንዘብና በሹመት ለመግዛት ዝግጁ ነበረ። በዝምታ ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም። ደጃዝማች ባልቻ ግን ከተገለሉበት ወጥተው፣ ከዋና ከተማው ደቡብ ምዕራብ ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በ1929 ዓ.ም.ም እዚያው፣ ከተወለዱበት አገር ብዙ ሳይርቁ ሞቱ። እንደሚተረከው ጠላት መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ በጠየቃቸው ጊዜ፣ የሚያስረክቡ መስለው ካቀረቡት በኋላ ተኰሱበት።

ልጁ የጠየቀውን እንጽፋለን። «ታዲያ በመጨረሻ የሞቱት ለማን ብለው ነው? ለምኒልክ? ለኃይለ ሥላሴ?»

ሎሚ የምትሸጠው ሴት፣ ወሬያችንን ከመነሻው ስታዳምጥ ኖራ፣ «ለራሳቸው ነዋ፤ የእኔ ልጅ» አለችው። ምን ማለትዋ እንደ ሆነ አልጠየቅናትም፤ እኛ ያሰብነው መልስ ረጅም ነበረ፤ የእሷን ከሰማን በኋላ ግን ተውነው። ስድስት ሎሚ ገዛን። የቫህሪዝ መሐላ ትዝ አለን፤ ለዙፋን ሳይሆን ለሰው። ባልቻ የማሉለት ሰው ከሞተ፣ ልጁም ከሞተች፣ በመሐላቸው ውስጥ የቀረው ማን እንደ ሆነ በሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆመን አሰላሰልን። ያ ብላቴና በጦር ሜዳ መካከል በደሙ ተነክሮ ሳለ የመረጠው ምን እንደ ነበረ እንግዲህ ማን ያውቃል?

ይህ የሆነው በሚያዝያ መጨረሻ ነበረ። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ዕለት፣ የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን አቅርቦ ከደጅ ወጥቶ ሲቀመጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመለሰው ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ልጁን አስከትለን በታችኛው በር ወጣን። «በዚህ በኩል ሄደን አናውቅም» አለ ልጁ፤ አልመለስንለትም። የዚያ ግቢ የቆርቆሮ በር ከፈት ብሎ ነበር። ጎረቤቶች በዋርካው ሥር በአግዳሚ ወንበርና በበርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ከመካከላቸው ከዘራቸውን በጕልበታቸው ላይ ያጋደሙ፣ ከምናስታውሳቸው እጅግ ያነሡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ቤቶች!» ብለን የቆምንበትን ጊዜ አሁንም ልንለካው አንችልም። ቀና ብለው አዩን። ዐይናቸው እንደ ደከመ አልተጠራጠርንም፤ ሊያውቁን አይችሉም ብለን ተስፋ አድርገን ነበር ብንል እውነት ነው። ከአግዳሚው ወንበር ላይ ጥቂት ፈቀቅ አሉ። አስቀድመው ለልጁ በጭልፋ ንፍሮ ዘገኑለትና ስሙን ጠየቁት፤ ነገራቸው።

«አጎትህ» አሉት፣ ወደ እኛ ሳያዩ፣ «ደብዳቤ ሲጽፍ ‹ከላይ እንደ ተገለጸው› ማለት ይወድ ነበር። ዛሬስ ትቶታል?»

ልጁ ወደ እኛ ዞረ። እኛም መልስ ስላልነበረን፣ ከጎናቸው ተቀምጠን ለንፍሮው እጃችንን ዘረጋን።